የጄኔራሉ ልጣጭ

ስለ ዱባ እኔ ባለሁበት ሌላ ሰው አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። ለጉራ ብዬ አይደለም። ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ አንድ ማንኪያ ብታጎርሱኝ ዓይነቱን፣ የተቆረጠበትን ሳምንት፣ ያደረበትን ክፍል፣ ካስፈለገም የቆረጠውን ሰው ጠባይ እነግራችኋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ዋና አብሳይ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በየቀኑ ሦስት መቶ ሰው ከእጄ ይበላል። አስተዳዳሪዋ መቶ አርባ ናቸው ትላለች። እሷ የምትቆጥረው አልጋ ነው፤ እኔ የምቆጥረው ድጋሚ የተጠየቀበትን ሳህን ነው።

ብርዱ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ የቤታችን ምሰሶ ዱባ ነው። ጥርስ ያለውም የሌለውም ይበላዋል። ሾርባ ይሆናል፣ ተቀቅሎ ይፈጫል፣ በምድጃ ይጠበሳል፤ ሆድ ድርቀት ለሚያስቸግረውም ነገሩን ያቀላል። ታዲያ ዱባ ስል ከገበያ በጆንያ የሚመጣውን ተራ ነገር ማለቴ አይደለም። ጄኔራሉን ማለቴ ነው።

ጄኔራሉ ግራጫ ዱባ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከየመከሩ ምርጡን ዘር እያስቀረሁ፣ ደካማውን እየጣልኩ ለዚህ ያበቃሁትም እኔ ነኝ። መሬቷን ያየ ሰው ሁሉ፣ "ይቺ እኮ ሁለት መኪና አታስቆምም" ይላል። ከእሷ ያወጣሁት ዱባ ግን ቢደረደር ከበራችን ተነስቶ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ ይተርፋል። ቅርጹ ክብ ነው፤ ጎኑ በጥልቅ ሸንተረር የተከፋፈለ፣ ቆዳው የወታደር የብረት ቆብ። አንዴ የዕቃ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ወጣበትና የፈነዳው ጎማው ነው። የግቢው አትክልተኛ "ጎማው ቀድሞም ተንፍሶ ነበር" እያለ ያስወራል። ቅናት ነው፤ ይለቀዋል።

የጄኔራሉ ምሥጢር ዕረፍት ነው። ከሐረጉ በቆረጣችሁት ሳምንት ብትቀቅሉት ሣር ሣር ይላል፤ ውሃውን ይተፋል፤ ምላስ ላይ ምንም ሳይናገር ይወርዳል። በደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ክፍል አሥር ሳምንት ሲቀመጥ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ሥጋው ይጠብቃል፣ ቀለሙ እንደ እንቁላል አስኳል ይደምቃል፣ ጣፋጭነቱ ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና እህቴ። ዱባዎቹ የሚያርፉት እኛው ቤት ነዋ። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበት የለም፤ እንግዳ ግን አይመጣም።

እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጫማዬን ያሰረችልኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ከሰፈር ልጅ ተደባድቤ ስመጣ መጀመሪያ እኔን ገርፋ ቀጥላ ከልጁ እናት ጋር ልትጣላ የወጣችው እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሥራዋ መላጥና መክተፍ ነው። ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። እርግጥ እሷ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው የገባችው፤ ቢሆንም እኔ ባልመጣ ማን ያውቃት ነበር?

እጇ ማሽን ነው። እንግዳ ሊጎበኘን በመጣ ቁጥር ወደ መላጫዋ ጥግ እወስደውና፣ "እዩልኝ እስቲ! ይህን ድንጋይ በቀን አርባ ትልጠዋለች!" እላለሁ።

"ሃያ" ትላለች ቀና ሳትል።

"ትሕትናዋ ነው" እላለሁ።

ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ዓመት የቢላዋዋን እጀታ በጨርቅ ጠምጥማ ጠምጥማ የሕፃን ክንድ አሳከለችው። ለእንግዶቹ "የባለሙያ አያያዝ ነው" ብዬ አብራራሁ።

ነገሩ የተበላሸው አትክልተኛው ከአንድ ዘመዱ ዘር ይዞ የመጣ ጊዜ ነው። አጥሩ ጥግ ተከለውና ወራት ቆይቶ አንድ አንገተ ረጅም ነገር አፈራ፤ ቆዳው ለስላሳ፣ ቀለሙ ሻይ የነካው ወተት፣ ሸንተረር የሚባል ነገር ያልነካው። ጡንቻ የሌለው ሰው ይመስላል።

"ይሄ አንገት ብቻ ነው እንዴ? ጭንቅላቱን የት ጣልከው?" አልኩት።

"ሼፍ፣ እሱ አንገት ውስጥ አንድ ፍሬ የለም። ሁሉም ሥጋ ነው።"

"ጄኔራሉ ቢያስነጥስ ይሞታል።"

"ጄኔራልህ ጡረታ ይውጣ" አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ክርክራችን አስተዳዳሪዋ ጆሮ ገባ። እውነት ለመናገር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት ዱባ ጎን ለጎን ከተተከለ ንቦቹ ዘሩን ያደባልቁታል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ ገደል ይገባል ብዬ ሦስት ቀን ቢሮዋ ተመላለስኩባት። በሦስተኛው ቀን መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እሺ ሼፍ፣ ገባኝ። መሬቷ ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ይተከላል። የትኛው እንደሆነ ግን በምን እንወቅ?"

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ። "በይፋ ይቀመስ! ነዋሪዎቹ ይፍረዱ! ከተሸነፍኩ ሐረጉን ከነሥሩ በእጄ ነቅዬ እጥለዋለሁ፤ ዳግመኛም ስሙን አላነሳም!"

"በጽሑፍ ላድርገው?" አለች።

"በድንጋይ ላይ ይቀረጽልኝ!"

ደንቡን እሷ አወጣች። ከጄኔራሉና ከአንገተ ረጅሙ ሌላ ማወዳደሪያ እንዲሆን ሁለት ዓይነት ከገበያ ይመጣል፤ አንዱ ትልቁ ብርቱካናማ፣ አንዱ ጡጫ የሚያክለው ጥቁር አረንጓዴ። ማንም እንዳያዳላ አራቱንም የምትልጠውና የምታበስለው አንድ ሰው፣ እህቴ ብቻ ትሆናለች። ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራል፤ ግማሹ ምንም ሳይነካው በምድጃ ይጠበሳል፣ ግማሹ ከሽንኩርትና ከጨው በቀር ምንም ሳይጨመርበት ሾርባ ይሆናል። ሳህኖቹ ቁጥር ብቻ ይለጠፍባቸዋል። እኔና አትክልተኛው ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ እግራችንን አናሳርፍም።

እህቴ ናት አብሳይዋ ሲባል ልቤ ቅቤ ጠጣ። አዳልታ እንድትረዳኝ አይደለም፤ ጄኔራሉ እርዳታ አያሻውም። ግን እሱን የሚያውቅ እጅ ነው የሚነካው፤ ሸንተረሩ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ለምድጃው ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው የሚያውቅ እጅ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቤት ተቀምጠን ዱባዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ። አሥር ሳምንት የሞላው ዱባ ሲያንኳኩት ባዶ ክፍል ውስጥ እንደሚጠራ ሰው ይመልሳል። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን መረጥኩ። ከሐረጉ ጋር የተያያዘበት ግንዱ ደርቆ ቡሽ ሆኗል፤ ክብደቱ ሃያ ኪሎ ቢያንስ።

"ስምንት ነው" አለች እታለም ከወንበሯ ላይ። እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ ተቀምጣለች።

"ምን ሆነሻል?"

"እጄን ያመኛል።"

"ነገ ስናሸንፍ ይሻልሻል" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ቢሸነፍስ?" አለች።

"ማን?"

"ጄኔራሉ።"

ሳቄ መጣ። ሳቄን ስትሰማ ቆይታ ተነሳችና ሳህን ልታጥብ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ጄኔራሉን ካፖርቴ ውስጥ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ወሰድኩት። ለእታለም በሩ ላይ አስረክቤ፣ "አደራ" አልኳት። "እሺ" ብላ ተቀበለችኝ። ከዚያ ከአትክልተኛው ጋር መስኮቱ ሥር ቆምን፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየተናቆርን። እሱ ለአፍታ ከአጠገቤ አልራቀም፤ ይህን ያዙልኝ።

ፈራጆቹ አምስት ነዋሪዎች ነበሩ። መሪያቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አርባ ዓመት የተማሪ ወረቀት አርመው ስለኖሩ ሾርባ ሲቀርብላቸው እንኳ ስህተት ፍለጋ ነው ማንኪያቸውን የሚያነሱት። መመገቢያ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አምስት መቶ ሰው አይጠፋም። እኔና አትክልተኛው በመስኮቱ አንገታችንን አስገባን።

ቁጥር አንድ ቀረበ። መምህሩ ቀምሰው ከጥርሳቸው መሐል ክር መምዘዝ ጀመሩ። "ይህን የሚበሉት በማንኪያ አይደለም፣ በማበጠሪያ ነው" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ብርቱካናማው መሆኑን ሳላይ አወቅኩ፤ ክርና ውሃ ነው፣ ለዓይን ብቻ የተፈጠረ።

ቁጥር ሁለት ደረቅ ነበር፤ እንደ ድንች ፍርፍር የሚል። "ጣዕም አለው፣ ግን ውሃ አቀብሉኝ" አሉ። አረንጓዴው። ክፉ ዱባ አይደለም፤ በሾርባ መልክ ወፍራም ይወጣል፣ ብቻውን ግን ጉሮሮ ይዞ ይጠይቃል።

ቁጥር ሦስትን ሲጎርሱ ፊታቸው ጠቆረ። ማንኪያውን አስቀምጠው አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ይሄ ሣር ነው። እኔ ላም ነኝ እንዴ?"

ጮቤ ረገጥኩ! አትክልተኛውን በክርኔ ጎሸምኩት። "ሰማህ? አንገትህን አወቁት!" አልኩት። "ላም አሉህ! ገና እምቧ ትላለህ!" በመስኮቱም ጮህኩ፣ "ጋሼ፣ እሱን ይትፉት፣ አይዋጡት!" መምህሩም፣ "ተፍቼዋለሁ" አሉ። አትክልተኛው ላብ ላብ አለው። አዘንኩለት ማለት ይቻላል።

ቁጥር አራትን ዝም ብለው በሉ። ድጋሚ ወሰዱ። "ይሄ ሳይለመን ወረደ" አሉ። እኔም እንግዲህ ጄኔራሉ ነው ብዬ ካፖርቴን ቆልፌ ፎቶ ለመነሳት ተዘጋጀሁ።

ፈራጆቹ ማንኪያቸውን በመረጡት ሳህን ፊት አስቀመጡ። ሦስት ማንኪያ አራት ቁጥር ጋ፣ ሁለት ማንኪያ ሁለት ቁጥር ጋ። አስተዳዳሪዋ ወረቀቷን ገልጣ አነበበች።

"አንድ፣ ብርቱካናማው። ሁለት፣ አረንጓዴው። ሦስት፣ የሼፍ ግራጫ ዱባ። አራት፣ አንገተ ረጅሙ።"

የአዳራሹ የሳቅ ዓይነት! ሠላሳ ሰው ከወንበሩ የወደቀ መሰለኝ። አትክልተኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ "አይዋጡት ያልከው ማንን ነበር ሼፍ?" አለኝ።

ደንቡን ጥሼ ዘልዬ ገባሁ። ከሦስት ቁጥር ሳህን በጣቴ ዝቄ ቀመስኩ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ጉራ ብላችሁ ልትተውት ትችላላችሁ፤ ይህቺን ግን እመኑኝ። ያ ዱባ ከሐረጉ ከተለየ ሁለት ቀን አልሞላውም። ዘሩ የእኔ ነው፣ መሬቱ የእኔ ነው፣ ዕረፍት ግን አላየም።

"ተለውጧል!" አልኩ። "ዱባዬ ተለውጧል!"

ሳቁ እንደገና ተነሳ። መምህሩ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ "ወንድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንሰማህ ኖረናል። አንድ ቀን ብንቀምስህ ምን አለበት?" አሉ። ማን ይመነኝ? ጎማ አፈነዳ ያልኩት ዱባ ነው።

ወጥ ቤት ገባሁ። እታለም አልነበረችም፤ ድስት ልታስረክብ ወጥታለች። የልጣጩን በርሜል ዘረገፍኩት። ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ የሻይ ቀለም፣ ከታች ግራጫው። ግራጫውን ገለበጥኩና ግንዱን አገኘሁት። እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ስጫነው ውሃ የሚያወጣ። መሬቷ ላይ ሳይቆረጡ የቀሩ ሦስት አራት ዱባዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ነው።

ጠዋት ያቀፍኩት የታለ? ፍለጋዬ ሩቅ አልሄደም። በእታለም መላጫ ወንበር ሥር፣ ድንች ጆንያ ውስጥ፣ ከነሙሉ ክብሩ ተቀምጧል። አንድ ቢላዋ አልነካውም። አንኳኳሁት፤ መለሰልኝ።

አትክልተኛው ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአጠገቤ አልተለየም። ዕረፍቱን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ነው። ጄኔራሉን መላጫው ጠረጴዛ ላይ አወጣሁና ወንበሯ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት እንዳይደበላለቅብኝ ንብ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ጉዱ ከእልፍኜ ወጣ።

እታለም ተመልሳ ስታየኝ አልደነገጠችም። በሩን መለስ አደረገችና ሽንኩርት የሞላ ሳህን ይዛ ከፊቴ ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጄኔራሉ።"

"በርሜል ውስጥ ያለውስ?"

"እሱም ጄኔራሉ ነው። ታናሽ ወንድሙ።"

"እየቀለድኩ አይደለም እታለም!"

"እኔም።"

"መቼ ቆረጥሽው?"

"ትናንት ጠዋት። አንተ አስተዳዳሪዋ ቢሮ ገብተህ ስለ ድልህ ስታወራ።"

"አትክልተኛው ቢያደርገው ጠላቴ ነው ብዬ እተኛ ነበር። አንቺ? ያሳደግሽኝ? አደራ ብዬ በእጅሽ የሰጠሁሽ? ሰው ፊት ላም አስባልሽኝ እኮ!"

"ላም ያሉት ራሳቸውን ነው።"

"እታለም!"

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጄኔራሉ አጠገብ ዘረጋች። ዘረጋች ማለት ይከብዳል፤ አልተዘረጉም። ቢላዋ ሳትይዝ ቢላዋ እንደያዙ ቀርተዋል፤ ጣቶቿ ተጨብጠው፣ አንጓዎቹ አብጠው፣ የቀኙ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎ።

"ስንቴ ነገርኩህ?" አለች።

"ምኑን?"

"የዛሬ ሦስት ዓመት ነገርኩህ። አምና ነገርኩህ። ትናንት ነገርኩህ። ትናንት ምን አልከኝ?"

ያልኳትን አስታወስኩ።

"ይሄ ሸንተረር" አለች በታጠፈው ጣቷ ጎኑን እየነካች፣ "አንተ ለሰው ስታስጎበኘው እኔ ውስጡ ነው የምውለው። ቢላዋው ይይዛል፣ ስገፋው ያዳልጣል፣ ስመልሰው እዚህ ድረስ" ክርኗን ነካች "ይጠዘጥዘኛል። ሃያ ዱባ። ያንተ አርባ። አንገተ ረጅሙን አንዴ ልጬው ልጣጩ እንደ ወረቀት ሲወርድ፣ እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።"

"ለአስተዳዳሪዋ አትነግሪያትም ነበር?"

"ነግሬያትስ? በማግስቱ 'እናቴ ደክመሻል፣ ቤትሽ እረፊ' ልትለኝ? ቤት ከማን ጋር ልዋል? ከዱባዎችህ ጋር?"

"ለእኔ በደንብ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔው እልጥልሽ ነበር! በአንድ እጄ! ዓይኔን ጨፍኜ!"

በጨርቅ የተጠመጠመውን ቢላዋ አንስታ እጀታውን ወደ እኔ አዞረችው።

"እንካ።"

ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋና አብሳይ ነኝ፤ ያልያዝኩት ቢላዋ የለም። ጄኔራሉን በግራ እጄ ያዝኩና ከላይ ጀመርኩ። ቆዳው ላይ ቢላዋው ጮኸ። ገፋሁት፤ ተንሸራትቶ ወደ አውራ ጣቴ መጣ። አዞርኩት፤ ሸንተረሩ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሳብኩት። አልወጣም። ቆሜ ሳብኩት። ላቤ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። በስንት ትግል ጥፍር የምታክል ግራጫ ቁራጭ ወጥታ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ የእጄ አንጓ ግን ጋለ። እታለም እጇን ብብቷ ሥር ወሽቃ ታየኛለች። አትስቅም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቢላዋው ዳግም ተሰንቅሮ እያለ በሩ ተከፈተ። አስተዳዳሪዋ ናት፤ ከኋላዋ አትክልተኛው ጥርሱን ሁሉ አሰልፎ።

"ሼፍ" አለች፣ "ተለወጠ ስትል ሰምቼሃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በዋዛ አይታለፍም። ለውጠውብህ ከሆነ ማን እንደሆነ ንገረኝ። አዛውንት የሚበሉትን ምግብ የሚያጭበረብር ሰው እዚህ ቤት ሌላ ቀን አይሠራም።"

ያ እርጥብ ግንድ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያረፈው ዱባ ከፊቴ ተቀምጧል። ማስረጃ ቢባል ዳኛ የሚያስደስት ማስረጃ ነው። እታለምን አየኋት። እንድትለምነኝ ፈለግኩ፤ ዓይኗን እንኳ ብታርገበግብልኝ ደስ ባለኝ። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፤ በታጠፉት ጣቶቿ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?"

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ከቤት ሳነሳ ያረፈውን ትቼ ያላረፈውን ይዤ መጣሁ።"

አትክልተኛው ጆሮውን በመዳፉ ቀሰረ። "ድገማት ሼፍ፣ አልሰማሁህም። ሳምንቱን በምላስህ የምታውቀው አንተ?"

"ያላረፈውን ይዤ መጣሁ" አልኩ። በሕይወቴ ያልኩት አጭሩ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል።

አስተዳዳሪዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዱባ አየች። ሰው ጥሩ ሲሆን እንዴት እንደሚያስቸግር! "እንግዲያው ያረፈው ይሄ ነው? በስህተት ከሆነ ይደገም ዘንድ ፍርዴ ነው። ነገ እንደገና ይላጥ፣ ይቀመስ። አንተም ቅር አይበልህ።"

የእታለም ቢላዋ ቆመ። ከኋላዋ ትከሻዋን ብቻ ነው የማየው።

አሸንፍ ነበር። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። አሥር ሳምንት ያረፈ ጄኔራል! መምህሩ ሳህኑን በምላሳቸው ያጥቡት ነበር። መሬቷ የእኔ፣ ዘሩ የእኔ፣ ሳቁ ሁሉ ወደ አትክልተኛው። ማንንም ሳላጋልጥ፣ ማንንም ሳልጎዳ። ከአንድ ሰው በቀር። ቢላዋው ሸንተረሩ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሳልነካው ይንቀጠቀጣል።

"አይደገምም" አልኩ። "ተፈርዷል። ሐረጉን ከነሥሩ እነቅላለሁ ብያለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በድንጋይ ላይ ይቀረጽ ብዬ የለ?"

ሄዱ። አትክልተኛው ኮሪደሩ ላይ ሲስቅ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሰማ ነበር። እታለም ዞራ እንኳ አላየችኝም። አንድ ቃል ጠበቅኩ፤ አንድ ቃል ብቻ። ሽንኩርቱን ጨርሳ ድስቱ ውስጥ ጨመረችና እሳቱን ለኮሰች።

በሳምንቱ ሐረጉን ነቀልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ለመንቀል ግማሽ ቀን በቃ። አትክልተኛው በመጨረሻ ሳቁ ጠፍቶበት፣ "ላግዝህ ሼፍ?" አለኝ፤ በዓይኔ መለስኩት። አሁን መሬቷ ላይ አንገተ ረጅሙ ተንሰራፍቷል። ሾርባው መጥፎ አይደለም፤ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል፣ ለማንም ይገባል፣ ምንም ምሥጢር የለውም። መምህሩ ባለፈው ሦስተኛ ሳህን አስጨምረው፣ "ሼፍ፣ ዘንድሮ እጅህ ተሻሽሏል" ብለውኛል። እጄ! ቆሽቴ አረረ፤ አመሰግናለሁ አልኩ።

ያንን ዱባ ማንም አልበላውም። ቢላዋውን ነቅዬ ቤት መለስኩትና ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳለ ከቁስሉ ጀምሮ ሻገተ።

እታለም አሁን በቀን ሠላሳ አንገተ ረጅም ትልጣለች፤ ይህኛው ቁጥር የእሷ ነው። ልጣጩ እየተጠቀለለ ሲወርድ ዜማ ታሰማለች። ያንን ዜማ ልጅ ሆኜ እሰማው ነበር፤ መቼ እንዳቆመችው ግን አላውቅም። አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን፣ አብረን እንበላለን፣ ስለ አየሩ እናወራለን። ለሌላ ሰው ይህን ነገር ስናገር እሷ ያደረገችውን አሳንሼ፣ እኔ ያደረግኩትን አሳብጄ ነው። ለራሴ ስናገር ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ ፊት ለፊቴ ዱባውን ተቀብላ፣ አደራ ስላት እሺ ያለችው።

ትናንት መላጫው ጥግ ቆሜ ሳያት ቆየሁና፣ "ይቅር አላልኩሽም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ያንን ሳህን አቀብለኝ።"

አቀበልኳት።